ሮለር፣ ዜብራ፣ ቨርቲካል ወይስ የጨርቅ መጋረጃ? በአዲስ አበባ ዳር ላሉ ቤቶች የመምረጫና የመግጠሚያ መመሪያ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም አራብሳ አዲስ ቤት የገባ ሰው መስኮቱን መጀመሪያ የሚሸፍነው በአንሶላ ነው። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ቅርብ ስለሆነ ማታ መብራት ሲበራ ሳሎኑ ለጎረቤት ወለል ብሎ ይታያል። ስለዚህ መጋረጃው በጥድፊያ ይታዘዛል፤ ቀለሙና ዋጋው ብቻ ታይቶ። ከወራት በኋላ ሲበላሽ ጨርቁ ይወቀሳል እንጂ ጥፋቱ በአብዛኛው የጨርቁ አይደለም። ወይ ልኩ ተሳስቷል፣ ወይ ግድግዳው ብሎኑን አልያዘም፣ ወይ ደግሞ ዓይነቱ ከመስኮቱ አቅጣጫና አከፋፈት ጋር አልሄደም። ሦስቱም ከማዘዝ በፊት በአንድ ከሰዓት የሚጣሩ ነገሮች ናቸው።

መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በእኩለ ቀን ሁልጊዜ በአንድ በኩል አትሆንም። ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ በቀጥታ አናት ላይ ናት። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል ታልፋለች። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ በቀትር ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ትውላለች። በተግባር ሲታይ ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ክፍሉ ያስገባል፤ በብርዱ ወቅት ስለሆነ ብዙ ሰው አይጠላውም። ወደ ሰሜን የሚያየው ፀሐይ የሚያገኘው በአብዛኛው በክረምት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ደመናው አለ። ለሰሜን መስኮት ውድ የፀሐይ መከላከያ ጨርቅ መግዛት አያስፈልግም፤ ከሰው ዓይን የሚሸፍን ቀለል ያለ ነገር ይበቃዋል።

ጥንቃቄ የሚሹት ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። በምዕራብ በኩል ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመጣ ከላይ ያለው የጣሪያ ጠርዝም ሆነ በረንዳው አያግዳትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ጨርቅ የሚያደበዝዘው የፀሐይ ጨረር ከቆላው ይልቅ እዚህ ይበረታል። ምዕራብ መስኮት ላይ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጨርቅ የሰቀለ ሰው ጨርቁ በግርፍ በግርፍ ሲነጣ ያያል። ለዚህ አቅጣጫ የሚመረጠው ወደ መስታወቱ የሚዞረው ጀርባ ነጭ ወይም ብርማ የሆነ ጨርቅ ነው። ነጩ ጀርባ ብርሃኑን በመስታወቱ በኩል መልሶ ይወረውረዋል፤ ጥቁሩ ግን ይመጠውና ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይለቃል። ፊቱ የፈለጉት ቀለም ሊሆን ይችላል።

ዓይነቶቹን እርስ በርስ ስናወዳድር

የጨርቅ መጋረጃ ከሁሉም የበለጠ ስህተትን ይሸፍናል። ጠማማ የመስኮት ጠርዝ፣ ያልተስተካከለ ልስን፣ በኤልቲዜድ ብረት መስኮት ዳር የሚገባ ነፋስ፣ ሁሉም ከኋላው ይደበቃል። ከእንጦጦ ጀርባ ባለችው ሱሉልታ ወይም ነፋስ በሚበዛበት ለገጣፎ ገበር ያለው ወፍራም መጋረጃ የሌሊቱን ብርድ በመቀነስ ከሮለር (በቱቦ ላይ ከሚጠቀለለው መጋረጃ) በግልጽ ይሻላል፤ በተለይ ከመስኮቱ በሁለቱም ጎን አልፎ እስከ ወለሉ ከወረደ። ታጥቦ መመለሱም ቀላል ነው። የተለመደው ስህተት ጨርቅ መሰሰት ነው። የመስኮቱ ስፋት 180 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዘንጉ በግራና በቀኝ 20 ሴንቲ ሜትር እያለፈ 220 ይሆናል፤ ጨርቁ ደግሞ የዘንጉ እጥፍ፣ ማለትም 440 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ስስ ለሆነው የውስጥ ጨርቅ ሁለት ተኩል እጥፍ፣ በጣም ወፍራም ለሆነው አንድ ተኩል ይበቃል። ከዚያ በታች ከሆነ መጋረጃው ሲዘጋ እንደ ተወጠረ ጨርቅ ይሆናል፣ እጥፋቱም ይጠፋል። ሁለተኛው ስህተት ጥጥ ያለበትን ጨርቅ ሳያጥቡ ማሰፋት ነው፤ ጨርቁ በመጀመሪያው እጥበት ሲያጥር ገበሩ ላያጥር ይችላል፣ ታችኛው ጠርዝም ይሸበሸባል።

ሮለር ቦታ የማይፈጅ፣ ንጹሕ መልክ ያለው፣ ብልሽቱም ጥቂት የሆነ ዓይነት ነው። ለመኝታ ቤት ብርሃን የማያሳልፈው፣ ለሳሎን ቀዳዳ ያለው የስክሪን ጨርቅ ይመረጣል። ስለ ስክሪኑ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት ነገር አለ፦ ቀን ላይ ከውጭ አያሳይም፣ ማታ መብራት ሲበራ ግን ያሳያል። መስታወት ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ስቲከርም እንዲሁ ነው። ብሎክ ለብሎክ በተፋጠጠ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስክሪን ብቻውን አይበቃም፤ ከላዩ የጨርቅ መጋረጃ ይጨመርበት። የስክሪን ቀዳዳ መጠን በመቶኛ ይነገራል፤ 3 በመቶ የሆነው ጠበቅ ያለ ነው፣ 10 በመቶው ብዙ ያሳያል። ለምዕራብ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያለውን ይውሰዱ።

ዜብራ አሁን በየቤቱ የሚጠየቀው ነው። አንድ ጨርቅ ታጥፎ ሁለት ንብብር ይሆንና ስሱና ጥቅጥቁ መስመር እየተፈራረቀ ብርሃንን ያስተካክላል። ለሳሎን ያምራል። ለመኝታ ቤት ግን አይመከርም፤ መስመሮቹ ገጥመው በተዘጉ ጊዜ እንኳ በመካከላቸው ብርሃን ያመልጣል፣ ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚተኛ ሰው ደግሞ ይህ ዋነኛ ችግር ነው። ሁለት ንብብር መሆኑ አቧራውንም እጥፍ ያደርገዋል። አስፋልት ባልደረሰበት መንገድ ዳር ያለ ቤት በበጋ በየሳምንቱ ካልተጠረገ ነጩ ስስ መስመር ይበልዛል፣ እንደ ጨርቅ መጋረጃም አውርደው ማሽን ውስጥ አይከቱትም። መንገድዎ ገና ኮረት ከሆነ ነጭ ዜብራ አይውሰዱ፤ የአቧራውን ቀለም የሚመስል ግራጫ ወይም ቡኒ ይምረጡ።

ቨርቲካል፣ ማለትም ከላይ ወደ ታች የሚንጠለጠሉ ረጃጅም ቁራጮች ያሉት፣ ለሰፊ መስኮትና ለበረንዳ በር ነው። ድክመቱ ነፋስ ነው፤ መስኮት ከፍቶ መዋል የሚወድ ቤተሰብ ቁራጮቹ ሲንጫጩና የታችኛዋ የፕላስቲክ ሰንሰለት ስትበጠስ ይሰለቻል። የአሉሚኒየም ቬኔሺያን (አግድም የተደረደሩ ቀጫጭን ቁራጮች ያሉት) ደግሞ ለወጥ ቤትና ለመታጠቢያ ቤት ተመራጭ ነው፣ የወጥ ጭስና እንፋሎት በእርጥብ ጨርቅ ይለቃልና። እውነተኛ እንጨት የሆነውን እዚያ አይስቀሉ፤ እርጥበት ያጣምመዋል።

በመስኮቱ ጉድጓድ ውስጥ ወይስ ከግድግዳው ፊት?

በመስኮቱ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ጥርት ያለ መልክ አለው፣ ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ ጥልቀት፤ ለሮለር ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ሽፋን ላለው ዜብራ ከ8 እስከ 10። ይህ የሚለካው ከግድግዳው ጠርዝ እስከ መስታወቱ ሳይሆን በጣም ወደ ውስጥ እስከወጣው ነገር ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የመስኮቱ እጀታ ነው። ሁለተኛ መስኮቱ ወደ ውጭ የሚከፈት ወይም ተንሸራታች መሆን አለበት። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ክንፉ ሮለሩን ይመታል፤ ይህን ገጥሞ ካበቃ በኋላ የሚያስተውል ሰው ጥቂት አይደለም። ሦስተኛ ጉድጓዱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱን ሰያፍ መስመሮች ለኩ፤ ልዩነታቸው ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ውስጥ ማስገባቱን ይተዉት፣ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ክፍተት ዓይን ውስጥ ይገባል።

እንዲህ ያለ ቤት በከተማው ዳር ብዙ ስለሆነ እኛ ለአብዛኛው ቤት የምንመክረው ከግድግዳው ፊት መግጠምን ነው። በግራና በቀኝ 10፣ ከላይም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲያልፍ ይደረግ። ብርሃንም ነፋስም የሚያመልጥበት ቀዳዳ ያንሳል።

እጀታው ብቻ ከሆነ የሚያስቸግረው ሌላ መፍትሔ አለ፤ ሮለሩ በተገላቢጦሽ እንዲጠቀለል ማዘዝ። በተለመደው አጠቃለል ጨርቁ ከጥቅሉ ኋላ፣ መስታወቱን ተጠግቶ ይወርዳል። በተገላቢጦሹ ከጥቅሉ ፊት ስለሚወርድ ከተለመደው ይልቅ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከእጀታው ይርቃል። ሲታዘዝ ካልተነገረ የጨርቁ ፊትና ጀርባ ይገለበጣል።

ልክ አወሳሰድ

የብረት ሜትር ይጠቀሙ፤ የልብስ ሰፊው ሜትር ይለጠጣል። ልክ የሚወሰደው ደግሞ ልስኑ፣ ጂብሰሙና ሴራሚኩ ካለቀ በኋላ ነው። ኮንዶሚኒየም ሳይጠናቀቅ የሚረከብ ሰው በባዶ ብሎኬት የለካው ልክ ከልስን በኋላ በየጎኑ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠብበታል፤ ወለሉም ሴራሚክ ሲነጠፍ ከፍ ስለሚል እስከ መሬት የታዘዘው መጋረጃ ይጎተታል።

ለውስጥ መግጠሚያ ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለክተው ትንሹን ይያዙ፤ ቁመቱን በግራ፣ በመሃልና በቀኝ ለክተው ትልቁን። ለምሳሌ ስፋቱ 120.4፣ 119.8 እና 120.1 ከሆነ ልኩ 119.8 ነው። ከዚህ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መቀነስ አለበት፣ ካልሆነ አይገባም። ችግሩ ማን ይቀንሳል የሚለው ነው። ደንበኛው ቤቱ ቀንሶ ይሄዳል፣ ሱቁም በልማዱ ይቀንሳል፣ ሮለሩ ሁለት ጊዜ ያጥራል። ስለዚህ በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «ይህ የመስኮት ልክ ነው፣ አልተቀነሰም» ተብሎ በጽሑፍ ይስፈር፣ ስፋት ይቅደም ቁመት ይከተል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የሮለር ጨርቅ ከጠቅላላ ስፋቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይጠብባል፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ ያለው መያዣና ሰንሰለቱ ቦታ ስለሚወስዱ። 118.8 የሆነ ሮለር ጨርቁ 115 ገደማ ነው፤ በውስጥ ሲገጠም በየጎኑ ከ2 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የብርሃን መስመር ይቀራል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ግን ሙሉ ጨለማ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ግድግዳው ብሎኑን ይይዛል?

በከተማው ዳር የሚገጠሙ መጋረጃዎች ከሁሉ በላይ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የኮንዶሚኒየምና የአብዛኛው አዲስ ቤት ግድግዳ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት ነው። ትራፓኑ ልስኑን ያልፋል፣ የብሎኬቱን ቅርፊት ያልፋል፣ ከዚያ በድንገት ወደ ባዶ ቦታ ይገባል። አጭር ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ ማጥበቂያ) እዚያ ውስጥ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ብሎኑ ሲጠብቅ አብሮት ይሽከረከራል። ገጣሚው ክብሪት እንጨት ወይም ወረቀት ይወትፍበታል፣ ያን ቀን ይይዛል። ሮለር ግን በየቀኑ ሁለቴ የሚጎተት ዕቃ ነው፤ ጥቂት ወራት ሳይቆይ መያዣው ከነልስኑ ይነቀላል።

ከመስኮቱ ራስ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኮንክሪት ሊንቴል (ከመስኮቱ በላይ የሚያልፍ ተሸካሚ አግዳሚ) አለ፣ መስኮቱንም በሁለቱ ጎን የተወሰነ ያህል ያልፋል። መያዣው የሚታሰረው እዚያ ላይ ከሆነ ጉዳዩ አለቀ። የት እንደሚያልቅ የሚታወቀው በሙከራ ነው፤ መያዣው በሚሸፍነው ቦታ ላይ በቀጭን ፑንታ (የትራፓን መብሻ) ትንሽ ይብሱ። እየከበደ የሚሄድና ጠንካራ ግራጫ ዱቄት የሚያወጣ ኮንክሪት ነው፤ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ባዶ የሚመታ ብሎኬት ነው።

ኮንክሪት ላይ ትራፓኑ በመዶሻ ስልት ይሥራ። 6 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ 6 ፊሸር፣ ጥልቀቱም ከፊሸሩ ርዝመት 1 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፣ ዱቄቱም ከጉድጓዱ ይነፋ፤ ዱቄት ያለበት ጉድጓድ ውስጥ ፊሸር አይጠብቅም። ፌሮ ከመታ አይታገሉት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይውጡ። ብሎኬት ላይ ግን መዶሻው ይጥፋ! መዶሻው ቅርፊቱን ከውስጥ በኩል ስለሚሰብረው ከፊት ትንሽ የሚመስለው ቀዳዳ ከኋላ ሰፊ ጉድጓድ ይሆናል። ያለ መዶሻ በቀስታ ተበስቶ፣ 8 ሚሊ ሜትር የሆነና ረዘም ያለ፣ ባዶው ጋ ሲደርስ የሚታጠፍ ፊሸር ወይም ከኋላ የሚዘረጋ ክንፍ ያለው ብሎን ይግባበት። ከመብሳትዎ በፊት ማብሪያ ማጥፊያውና ሶኬቱ የት እንዳሉ ይዩ፤ ሽቦው አብዛኛውን ጊዜ ከእነሱ ቀጥታ ወደ ላይ ይሄዳልና በዚያ መስመር ላይ አይበሱ። ዘወትር ደግሞ ቆጣሪው ጋ ያለውን ማብሪያ አጥፍተው በባትሪ ትራፓን ቢሠሩ ይመረጣል።

በቡራዩም በሰበታም በኩል ያሉ የጭቃ ቤቶች ሌላ ዘዴ ይፈልጋሉ። ጭቃ ፊሸር አይይዝም። ከጭቃው ውስጥ ያለውን የባህር ዛፍ ቋሚ ወይም ማገር በቀጭን ሚስማር ፈልገው፣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በረጅም ብሎን እሱ ላይ ይሰሩ፤ የመጋረጃው መያዣ ከዚያ በኋላ በጣውላው ላይ ይታሰራል። ጣውላው በግድግዳው ቀለም ቢቀባ አይታወቅም።

ኮርኒስ ላይ ማንጠልጠል የሚፈልግ ሰው ችፑድም ሆነ ጂብሰም ብቻውን ክብደት እንደማይችል ይወቅ። ብሎኑ ከላይ ያለውን የእንጨት ሞራሌ መያዝ አለበት። ጂብሰም ገና እየተሠራ ከሆነ ደግሞ ይህ ወርቃማ ጊዜ ነው፦ ሠራተኛው ከመዝጋቱ በፊት መጋረጃው በሚታሰርበት መስመር ሞራሌ ያስገባ፣ ለአንድ ዘንግ 15፣ ለሁለት ዘንግ 20 ሴንቲ ሜትር ቦታም ይተው።

የመስኮቱን ቴላዮ (ፍሬም) ራሱን መብሳት መልካም አይደለም። የብረት መስኮት በተበሳበት ቦታ ዝገት ይጀምረዋል፤ በተንሸራታች አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ብሎኑ ክንፉ የሚሄድበትን መስመር ይዘጋዋል። ተከራይ ከሆኑና አከራይዎ መብሳት ካልፈቀዱ በሁለቱ ግድግዳ መካከል ተወጥሮ የሚቆም ዘንግና ቀላል ጨርቅ ያዋጣዎታል፤ ሮለርና ዜብራ ግን በዚህ መንገድ አይቆሙም።

ሮለር ወይም ዜብራ ሲገጠም

ሁለት ሰው፣ ውሃ ልክ፣ እርሳስ፣ ትራፓን፣ ካቻቢቴና መሰላል ይበቃል። የመጀመሪያውን መያዣ ምልክት ያድርጉ፣ ይብሱ፣ ይሰሩ። ሁለተኛውን ምልክት ከማድረግዎ በፊት ሮለሩን ራሱን ከፍ አድርገው ከመጀመሪያው መያዣ ጋር አያይዙና ውሃ ልክ ያስቀምጡበት። የመስኮቱን ጠርዝ ወይም ኮርኒሱን ተከትለው አይሠሩ፣ እነሱ ራሳቸው ዘመው ሊሆኑ ይችላሉ። የጨርቅ መጋረጃ ዘንግ ቢሆን ዓይን እንዳይሰናከል ኮርኒሱን ትንሽ ቢከተል ይፈቀዳል፤ ሮለር ግን ከውሃ ልክ ውጭ ሌላ ዳኛ የለውም። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከዘመመ ጨርቁ ሲጠቀለል ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ጠርዙ ከመያዣው ጋር ይፋተጋል፣ ክሩም ይመዘዛል።

በልክ ተገጥሞም ከሸሸ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ አውርደው በቱቦው ላይ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ የሚለጠፈው ጨርቁ ከሚሸሽበት በተቃራኒው ጫፍ ነው። አንዴ ጠቅልለው ይዩ፣ ካልበቃ ሌላ ይደርቡ። የዘንግ መያዣዎች ደግሞ ከ120 ሴንቲ ሜትር በላይ መራራቅ የለባቸውም፤ 220 ለሆነው ዘንግ ሦስት መያዣ ያስፈልጋል፣ ሁለቱ ብቻ ከሆኑ ወፍራም ጨርቅ መሃሉን ያጎብጠዋል።

ሰንሰለቱ በየትኛው ጎን እንደሚሆን ሲያዝዙ ይወስኑ። አልጋ ወይም ሶፋ በሚጠጋበት ጎን አይሁን። ሕፃን ባለበት ቤት ተንጠልጥሎ የሚቀር የሰንሰለት ቀለበት አንገት ያንቃል፤ ይህ በዓለም ዙሪያ ሕፃናትን የገደለ አደጋ ነው። ሰንሰለቱን ወጥሮ ግድግዳ ላይ የሚይዘው ትንሽ ፕላስቲክ ከሮለሩ ጋር ካልመጣ ይጠይቁ፣ በሁለት ብሎን ይታሰር። የቬኔሺያን ገመድም ከወለሉ ከ1.5 ሜትር በታች እንዳይንጠለጠል ከላይ ይጠቅለል። የሕፃን አልጋ ከመስኮት ሥር ይነሳ።

ገጣሚ ከቀጠሩ ቀሪውን ክፍያ ከመስጠትዎ በፊት እያንዳንዱን ሮለር እስከ ታች አውርደው እስከ ላይ መልሰው አሥር ጊዜ ይሞክሩት፤ ጠርዙ ከሸሸ ያን ጊዜ ይታያል። መያዣዎቹን በእጅ ወደ ታች ሳብ ያድርጉ። መስኮቱንም ከነመጋረጃው ሙሉ በሙሉ ከፍተው ይዝጉ። ክረምት ሲገባ የብረት መስኮት ጠዋት ጠዋት ስለሚያልበው የሮለሩን የታች ዘንግ ከእርጥቡ የመስኮት ደፍ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ያቁሙት፤ ጨርቁ ውሃ ከጠጣ የዝገቱ ቡናማ መስመር አይለቅም።